ከሰቆጣ ዋሽንግተን፤ እግርዎ ስንት ሰዓት ይቀመጣል?

ዋሽንግተን የሚኖረውን ልጅዎን ሊጠይቁ ከሰቆጣ ይነሳሉ እንበል። ትኬት የቆረጠልዎ ሰው የነገረዎት ከአዲስ አበባ በኋላ ያለውን ሰዓት ብቻ ይሆናል። እርግጥ ይህም ቀላል አይደለም፤ ርቀቱ በአየር 11 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ13 ሰዓት በላይ ያስቀምጣል። እግርዎ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከቦሌ ሳይሆን ከሰቆጣ መናኸሪያ ነው። በወልዲያና በደሴ አድርገው በመኪና ከመጡ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከላሊበላ በአውሮፕላን ከተሳፈሩ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ እስከዚያ ድረስ ተራራማውን መንገድ በመኪና መጓዝዎ አይቀርም።

ሰዓቱን መቁጠር ለምን አስፈለገ? ባታችን ሲንቀሳቀስ ደምን ከእግር ወደ ልብ ይገፋል። ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥን ደሙ ይዘገያል፤ አንዳንዴም በጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ይረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ተቀምጦ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በአውሮፕላንም ሆነ በአውቶቡስ። ለጤነኛ ሰው ዕድሉ ከ6 ሺህ ተጓዥ አንድ ያህል ስለሆነ ጉዞ የሚያስቀር አይደለም። ቀደም ሲል ደም ረግቶባቸው ለሚያውቁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ላደረጉ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ፣ ለካንሰር ሕሙማን ግን ከፍ ይላል። እነዚህ ከመነሳታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። «ደም ያቀጥናል» ተብሎ በራስ ፈቃድ አስፒሪን መዋጥ አይገባም።

ስለ አየሩ ብዙ አይስጉ። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1 ሺህ 800 እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ነው፤ ሰቆጣም ከ2 ሺህ 200 ሜትር በላይ ናትና ደገኛው ለምዶታል። አየሩ ግን ደረቅ ነው። እናቶቻችን በመንገድ ላይ ሽንት ቤት እንዳያስቸግራቸው ብለው ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉት ልማድ እዚህ ላይ ይጎዳል። ይጠጡ፤ ሽንት ቤት ደርሶ መመለሱም ለእግር ይጠቅማል። የሽሮና የበርበሬ ጓዝ ከፊትዎ ወንበር ሥር አይከምሩ፤ እግር መዘርጊያ ያሳጣል። የዋግ ማርም ቢሆን ከእጅ ሻንጣ ይልቅ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ። መኪናው ባረፈ ቁጥር ወርደው ይራመዱ፤ ወንበር ላይ ሳሉም ተረከዝዎንና ጣቶችዎን በየተራ ያንሱ።

መድኃኒት ግን ከእጅዎ አይለይ፤ በተለይ ኢንሱሊን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ መውሰጃ ሰዓቱን ሐኪምዎ አስቀድሞ ይጻፍልዎ።

ከደረሱ በኋላ፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ አንድ እግርዎ ብቻ ካበጠ፣ ባትዎን ካመመዎ ወይም ካተኮሰዎ «የመንገድ ድካም ነው» ብለው አይተኙ፤ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም ደረትዎን ከወጋዎ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ ምን ያህል ሰዓት ተቀምጠው እንደመጡም ለሐኪሙ ይንገሩ፣ የመኪናውንም ጨምረው።