ጋብቻ ቢፈርስም የማይፈርሰው ወላጅነት

ባልና ሚስት በሚለያዩበት ጊዜ ቤቱ ይገመታል፣ ገንዘቡ ይቈጠራል፣ የጋራውና የግሉ ተለይቶ ለየባለቤቱ ይደርሳል፤ ለክፍፍል የማይመቸው ሕፃኑ ብቻ ነው። «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» የሚለው ጥያቄ በሀገራችን ከሽማግሌ ሸንጎ እስከ ሰበር ችሎት ድረስ ሲያከራክር የኖረውም፣ ሕግ ለንብረት ያበጀውን ሚዛን ለነፍስ ሊያበጅላት ስለማይቻለው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 681፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ሕፃናት እስከ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ለእናታቸው እንዲሰጡ ይደነግግ ነበር፤ የፍቺውንም ነገር በዚያን ዘመን የሚሰሙት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ደንቡ ለጨቅላ ሕፃን ርኅራኄ የተሞላ ቢሆንም፣ ከዕድሜው ቍጥር በስተጀርባ ያለውን የእያንዳንዱን ልጅ ኑሮ ለመመልከት ዐይኑ ጠባብ ነበረ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 213፣ የፍቺን ውሳኔ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ፣ የአምስቱን ዓመት ወሰን አስቀርቶ፣ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ እንዲወስን በአንቀጽ 113 አዘዘው። አዋጁ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል፤ ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ሲፈቅዱ ደግሞ ጉዳያቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ይታያል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት የሕፃኑ መሆኑን ደንግጎ፣ ሕፃናትን በሚመለከት ማናቸውም ውሳኔ ደኅንነታቸው እንዲቀድም ያዝዛል። የዚህ ቃል ኀይል ጐልቶ የታየው በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቍጥር 23632 በሰጠው ፍርድ ነው። እናቱ የሞተችበትንና በአክስቱ እጅ ያደገውን ልጅ አባቱ ይገባኛል ባለ ጊዜ፣ የበታች ፍርድ ቤቶች የሕጉን ፊደል ተከትለው ለአባት ፈርደው ነበር፤ ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናትን መብት ስምምነት መሠረት አድርጎ፣ የልጁ ጥቅም ካሳደገችው አክስት ዘንድ መኖሩ ነው ሲል ፍርዱን ሻረ። ልጃቸውን ለአያት ትተው ወደ ዐረብ ሀገር ለሥራ የተሰደዱ እናቶች በበዙበት በዚህ ዘመን፣ ይህ ፍርድ ለብዙ ቤት የሚተርፍ ነው።

ንጉሥ ሰሎሞን ሰይፍ አምጡልኝ ባለ ጊዜ፣ ከፊቱ ከቆሙት ሴቶች አንዲቱ እናት፣ ሁለተኛይቱ ሐሰተኛ ነበረችና፣ የፍርዱ ጥበብ እውነተኛይቱን በመለየት ተፈጸመ። በዛሬው የቤተሰብ ችሎት ፊት የሚቆሙት ግን ሁለቱም እውነተኞች ወላጆች ናቸው፤ ስለዚህ የዳኛው ሸክም ከሰሎሞን ሸክም ይልቅ ይከብዳል። በተለይም ሕጉ ገቢን ከመመዘኛዎቹ አንዱ ማድረጉ ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ልጅ ስታሳድግ ከደመወዝ ርቃ የቈየች እናት፣ ድህነቷ ልጇን የሚያስነጥቃት ከሆነ፣ የድካሟ ዋጋ ቅጣት ሆነ ማለት ነው። የባለጸጋው ወላጅ ገንዘብ ለልጁ የሚደርስበት መንገድ አስቀድሞ በሕግ ተጠርጓል፤ ይኸውም እንደ ሰጪው አቅምና እንደ ተቀባዩ ችግር የሚቈረጠው ቀለብ ነው።

ይሁን እንጂ ክርክሩ በፍርድ ቀን አያበቃም። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አባት የፍርዱን ግልባጭ በኪሱ፣ ለልጁ የገዛውን ጫማ በእጁ ይዞ ከበር ሲደርስ፣ «ልጁ አሞታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ና» ይባላል፤ እናቲቱ ደግሞ በውስጥ ሆና፣ «ሦስት ወር ቀለብ ያልቈረጠ ሰው ምን ብሎ ይመጣል?» ትላለች። እርሱ ስላላየሁት አልከፍልም ሲል፣ እርስዋም ስላልከፈለ አላሳየውም ስትል፣ ልጁ ከመስኮት ሥር ቆሞ ሁሉን ይሰማል። ቀለብም ሆነ መገናኘት የሕፃኑ ገንዘብ ነውና፣ ከሁለቱ አንዱም ለሌላው መያዣ ሊሆን አይገባውም፤ ቀለብ የነሣም፣ በር የዘጋም፣ በባላንጣዬ ላይ ተበቀልሁ ሲል የገዛ ልጁን መበደሉን ይወቅ።

መድኃኒቱ በከፊል በሕጉ ውስጥ አለ። ውሳኔው የተመሠረተበት ኹኔታ ሲለወጥ፣ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወይም በወላጆቹ አመልካችነት ነገሩን ዳግመኛ ሊመረምር ሥልጣን አለው፤ ይህም ሥልጣን ከወረቀት ወጥቶ ይሠራ ዘንድ፣ ዳኛው የልጁን ቤት በዐይኑ አይቶ የሚነግረው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያና፣ ልጁን ያለ ፍርሃት የሚያናግርበት ጸጥ ያለ ክፍል ያስፈልገዋል። ፍቺ የመፍረድ ሥልጣን ከሽማግሌዎች ቢነሣም፣ የተቈራረጡትን ወላጆች በልጁ ጉዳይ ብቻ እንዲነጋገሩ የማግባባት ሐዋርያዊ ተግባር አሁንም በእነርሱና በነፍስ አባቶች እጅ ነው። የልጅ አሳዳሪነት የተፈረደለት ሰው አደራ እንደ ተቀበለ እንጂ ድል እንዳገኘ አይቍጠር፤ ያልተፈረደለትም ከወላጅነቱ የሻረው ፍርድ የለምና፣ ቀለቡን በጊዜው እየቈረጠ፣ ልጁን በቀጠሮው እየጐበኘ አባትነቱን ወይም እናትነቱን ይፈጽም።