ውሻችንን በመኪና ስናጓጉዝ፦ ፍቅር የማይሽራቸው የተፈጥሮ ሕጎች

በሳምንቱ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ በሚወስደው መንገድ ስንጓዝ፣ ራሱን በመኪና መስኮት አውጥቶ ነፋስ ጆሮውን እያርገበገበለት የሚያልፍ ውሻ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ በፒክአፕ ጀርባ ላይ በገመድ ታስሮ በየመታጠፊያው ሲንገዳገድ እናየዋለን። የሁለቱም ባለቤቶች ውሻቸውን እንደሚወዱ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ የተፈጥሮ ሕግ ፍቅርን አይቶ አይራራም።

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14,000 ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከጌታው ጎን የተጓዘው በእግሩ ነው። ካርል ቤንዝ ለሞተር ተሽከርካሪው የፈጠራ መብት ማረጋገጫ የጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1886 በመሆኑ መኪና ለውሻ ዘር የትናንት እንግዳ ነው። የውሻ አካል ለድንገተኛ ፍሬን፣ ለተዘጋ መስታወትና ለጠመዝማዛ ቁልቁለት በተፈጥሮ አልተዘጋጀም። አደጋውን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ አደጋው ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚወገድ ከሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

የኒውተን ሕግ ለማንም አያዳላም

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተማርነው፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የሚያቆመው ኃይል እስካላገኘ ድረስ በነበረበት ፍጥነት መጓዙን ይቀጥላል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከኋላ የተቀመጠው ውሻም በዚያው ፍጥነት እየተጓዘ ነው። መኪናው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ቢቆም፣ ያልታሰረው ውሻ አብሮ አይቆምም።

እስቲ እናስላው። የውሻው ክብደት 25 ኪሎ ግራም ነው እንበል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 13.9 ሜትር ያህል ነው። የካይኔቲክ ኢነርጂ ቀመርን ስንጠቀም 2,400 ጁል ገደማ እናገኛለን። ይህም ውሻው ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት፣ ቢወድቅ መሬት ሲደርስ የሚኖረውን ጉልበት ያህላል። ይህ አካል በሰከንድ አንድ አሥረኛ ጊዜ ውስጥ እንዲቆም ከተገደደ፣ የሚያስፈልገው አማካይ ኃይል 3,500 ኒውተን ያህል ነው፤ የሦስት ኩንታል ተኩል ጭነት ክብደት መሆኑ ነው። ይህን ኃይል የሚቀበለው ከፊት ያለው ሾፌር ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ውሻን ማሰር ለውሻው ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪው ሁሉ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ይታሰር? ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል የሚገኘው መጠን መሆኑን እናስታውስ። ማሰሪያው አንገት ላይ ከሆነ ኃይሉ ሁሉ በጠባብ ቦታ፣ በአየር ቧንቧና በአከርካሪ ላይ ያርፋል። ደረትንና ትከሻን በሚያቅፍ ሰፊ ጠፍር ከሆነ ግን በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። በመሆኑም ውሻው በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የደረት ጠፍሩ ከመኪናው የደህንነት ቀበቶ ጋር በአጭሩ መያያዝ አለበት። ረጅም ማሰሪያ፣ ውሻው ወደፊት ከተወነጨፈ በኋላ በድንገት ስለሚወጠር ጉዳቱን ያብሳል። ሌላው አማራጭ ውሻው ቆሞ ሊዞርበት የሚችል ጠንካራ ሣጥን ነው፤ ሣጥኑም ራሱ በደንብ መታሰር ይገባዋል።

የፊት ወንበር ለውሻ አይሆንም። በግጭት ጊዜ የሚፈነዳው ኤርባግ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚነፋ ሲሆን፣ የተሠራውም ቀበቶ ላሰረ አዋቂ ሰው አካል ነው። በፒክአፕ ጀርባ የታሰረ ውሻም ቢዘል በገመዱ ሊታነቅ ይችላል። ራሱን በመስኮት ያወጣ ውሻ ደግሞ፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ በአየር ላይ ያለች የአሸዋ ቅንጣት በሰከንድ 22 ሜትር ፍጥነት ዐይኑን ትመታዋለች።

የተዘጋ መኪና ምድጃ ነው

«ለአምስት ደቂቃ ነው፤ መስኮቱንም ትንሽ ከፍቼለታለሁ» የሚል ንግግር የብዙ ውሾችን ሕይወት አስከፍሏል። የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በቀላሉ አልፎ ወንበሮችንና ዳሽቦርዱን ያሞቃል። እነዚህ በተራቸው አየሩን ያሞቁታል፤ የሞቀው አየር ግን መውጫ የለውም። የጋሉት ወንበሮች የሚረጩትን የታሕተ ቀይ ጨረርም መስታወቱ በአብዛኛው አያሳልፈውም።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ የውጩ አየር ከ22 እስከ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነባቸው ፀሐያማ ቀናት የቆመ መኪና ውስጣዊ ሙቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ በ22 ዲግሪ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከጭማሪው 80 በመቶ የሚሆነው የተመዘገበው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስኮቱን በትንሹ መክፈትም ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ይህን ወደ አገራችን ብናመጣው፣ የውጩ አየር 25 ዲግሪ በሆነበት የአዲስ አበባ ቀትር፣ መኪናው በግማሽ ሰዓት ወደ 43 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። «አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት» የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም።

ውሻ እንደኛ በመላ አካሉ አያልብም። ላብ የሚያመነጨው በእግሩ መዳፍ ላይ በመጠኑ ብቻ ስለሆነ፣ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። ከምላሱና ከአየር መተላለፊያው ላይ የሚተን እያንዳንዱ ግራም ውኃ 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይወጣል። ዘዴው ግሩም ነው፤ ይሁንና በተዘጋ መኪና ውስጥ አየሩ በትንፋሽ እርጥበት ሲሞላ ትነቱ ይዳከማል። ጤናማ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ከ41 በላይ ሲሆን ግን አንጎሉና ሌሎች የውስጥ አካላቱ ለጉዳት ይጋለጣሉ። አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎች ማለክለክ ስለሚከብዳቸው ከሌሎቹ ቀድመው ይጎዳሉ።

መልክዓ ምድራችንም የራሱን ፈተና ያክላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደግሞ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ የደጋው ውሻ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ 9 ዲግሪ የሚጠጋ ለውጥ ይገጥመዋል። ስለሆነም በማለዳ መነሣት፣ በየሁለት ሰዓቱ በጥላ ሥር ማረፍና ውኃ በትንሽ በትንሹ መስጠት ያስፈልጋል። ውሻው ያለማቋረጥ ካለከለከ፣ ምራቁ ከወፈረ፣ ድዱ ከቀላ ወይም ከተንገዳገደ ወዲያውኑ ወደ ጥላ አውጥተን በሰውነቱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰስን እናራግብለት፤ ከዚያም በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም እንውሰደው።

ሆድና ፍርሃት

አንዳንድ ውሾች መኪና ገና ሲነሣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፤ ቀጥሎም ያስመልሳቸዋል። ምክንያቱ በሰው ላይ ከሚታየው አይለይም። በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘው የሚዛን መጠበቂያ አካል «እየተንቀሳቀስክ ነው» ሲል፣ የወንበሩን ጀርባ ብቻ የሚያየው ዐይን ደግሞ «ቆመሃል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መልእክቶች መካከል ሲዋልል ማቅለሽለሽ ይከተላል። ችግሩ በቡችሎች ላይ ይበረታል። ከጉዞው በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰዓታት ምግብ አለመስጠትና መታጠፊያን በዝግታ መውሰድ ብዙ ይረዳል።

ነገር ግን ማስመለስ ሁሉ ከጆሮ አይመጣም። የምግብ መፈጨት ሥርዓትን በማጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ሁልጊዜ አንድ ድምፅ የሚሰማ ውሻ ውሎ አድሮ በድምፁ ብቻ ምራቁን እንደሚያዝረበርብ አሳይቷል። አሁን የራሳችንን ውሻ እናስብ። በመኪና የሚጓዘው መርፌ ሊወጋ ሲሄድ ብቻ ከሆነ፣ የሞተሩ ድምፅ የመርፌው መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔውም ከዚያው ትምህርት ይገኛል። በመጀመሪያ ሞተሩ ሳይነሣ መኪናው ውስጥ የሚወደውን ምግብ በጥቂቱ እንስጠው፤ በሌላ ቀን ሞተሩን ብቻ እናስነሣ፤ ቀጥሎም መጨረሻቸው ሜዳና ጨዋታ የሆነ አጫጭር ጉዞዎችን እናድርግ። ቁጣና ዱላ ግን ፍርሃቱን ያጸኑታል።

ከውሻው ጋር በሽታ እንዳይጓዝ

ሉዊ ፓስተር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን እስከ ዛሬ ማለት ይቻላል ሁልጊዜ ገዳይ ነው። ውሻ በመኪና ሲጓዝ ቫይረሱም በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ ክትባት የጉዞው ቅድመ ሁኔታ ሊሆን ይገባል። አካሉ በቂ መከላከያ እስኪያዘጋጅ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል መጠበቅ ያሻል። በመንገድ ላይ ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና መሄድ ግድ ነው።

ውሻን ይዞ ፈጽሞ የማይኬድባቸው ስፍራዎችም አሉ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ፣ ከውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ አልቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 የተነሡት ወረርሽኞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ለእኛ ጓደኛ የሆነው እንስሳ ለእርሱ የሞት መልእክተኛ ሊሆን ይችላልና ውሻችንን እቤት እንተወው።

ለማጠቃለል ያህል፣ የደረት ጠፍር፣ የመጠጥ ውኃና ሳሕን፣ ፎጣ እንዲሁም የክትባት ማስረጃ ይዘን፣ ውሻችንንም ከኋላ አስረን እንውጣ። ስንደርስም በሩን ከመክፈታችን በፊት የመሳቢያ ገመዱን እንያዝ፤ በመኪና የተሰላቸ ውሻ በሩ እንደተከፈተ ወደ መንገዱ ዘሎ ሊገባ ይችላልና። እነዚህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ የበለጠ ዝግጅት አይጠይቁም። ጉዳዩ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ነው። ውሻው ወዴት እንደምንሄድ ሳይጠይቅ መኪናችን ውስጥ የሚገባው አምኖን ነው፤ የእኛም ድርሻ እምነቱን በዕውቀት መጠበቅ ነው።