ኦክና ሎሬል በአንድ ጥላ ሥር፦ የካሊፎርኒያ ጠረፍ ደን ዳሰሳ

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኦክላንድ ስሟን ያገኘችበት የኦክ ደን ከከተማዋ ሜዳ ላይ ከጠፋ ቆይቷል። ከኋላዋ ባሉት ኮረብታዎችና ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በሚገኘው በማሪን ካውንቲ ሸለቆዎች ግን ኦክና ሎሬል ቅርንጫፋቸውን አቆላልፈው ዛሬም አብረው ያድጋሉ። ሁለቱን ነጣጥሎ ያጠና ሰው ይህን ደን አይረዳውም። በተለይ የኦክን ሞት ምክንያት የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ማየት ያለበት ጎረቤቱን ሎሬልን ነው።

አካባቢው ዝናብ የሚያገኘው ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። ለእኛ ክረምት በሆኑት ወራት እዚያ ጠብታ አይወርድም፤ ከውቅያኖሱ የሚነሣው ጉም ብቻ ጠረፉን ያረጥበዋል። የጠረፉ ኦክ ይህን ድርቅ የሚችለው ሥሩን አጥልቆ፣ ቅጠሉንም አጠንክሮ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይከርማል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይም ይኖራል። ሎሬሉ ደግሞ የቀረፋና የአቮካዶ ዘመድ ነው። ፍሬው ትንሽ አቮካዶ ይመስላል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ሽታው አፍንጫን ይሰነፍጣል። ትልቁ ብልጫው ጥላን መቻሉ ነው፤ ችግኙ በኦክ ሥር ቀስ ብሎ ያድግና በመጨረሻ ጫፉን ከኦኩ በላይ ያወጣል። ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከመሬት በታችም መንገዳቸው ይለያያል። ሁለቱም ከፈንገስ ጋር ተባብረው ይኖራሉ፤ ነገር ግን የኦኩ አጋር ፈንገስ የሥሩን ጫፍ ከውጭ ይሸፍናል፣ የሎሬሉ ደግሞ የሥሩ ህዋስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከኦክ ይልቅ ሎሬል በበዛ ቁጥር የአፈሩ ረቂቅ ሕይወት አብሮ ይለወጣል።

የደኑ እንስሳት ኑሮ በአብዛኛው በኦክ ፍሬ ላይ የቆመ ነው። ኦኮች በአንዱ ዓመት ተባብረው እጅግ ያፈራሉ፤ በሌላው ዓመት ከነጭራሹ ይነፍጋሉ። አንዱ የግንደ ቆርቁር ዝርያ በዛፍ ግንድ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎችን እየፈለፈለ በየቀዳዳው አንዳንድ ፍሬ ይሰካል፤ ጎተራው የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ጄይ የተባለው ሰማያዊ ወፍ ደግሞ ፍሬውን አፈር ውስጥ ይቀብራል። ሳያወጣው የቀረው ይበቅላል፤ ኦክ ሽቅብ ወደ ተራራው የሚሻገረውም በዚህ መንገድ ነው። የጫካው አይጥ በበኩሉ ሎሬልን ለሌላ ነገር ይፈልገዋል፤ ቅጠሉን እየነከሰ በመኝታው ዙሪያ ያኖረዋል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ሽታ የቁንጫ እጭ እንደሚገድል ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ይህን ደን ሰው ያልነካው ዱር አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የአካባቢው ነባር የፖሞ፣ የሚዎክና የኦሎኒ ሕዝቦች የኦክን ፍሬ ፈጭተው፣ ምሬቱ እስኪወጣ በውኃ እያጠቡ፣ ገንፎ ሠርተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረውበታል። የሎሬሉንም ፍሬ ቆልተው ይበሉ ነበር። ከሁሉ በላይ በየጊዜው ቀላል እሳት ይለቁ ነበር። ወፍራም ቅርፊት ያለው ትልቅ ኦክ ይህን እሳት ይችለዋል፤ በሥሩ የሚያድገው የሎሬል ችግኝ ግን ተመልሶ ከመሬት ይጀምራል። የስፔን አገረ ገዥ እ.ኤ.አ. በ1793 ማቃጠልን በአዋጅ ከለከለ፤ በኋላም የአሜሪካ መንግሥት እሳትን ሁሉ የማጥፋት መመሪያ ተከተለ። ያን ጊዜ ሎሬሉ ያለ ከልካይ በኦኮች መካከል ተስፋፋ። በእኔ እምነት የኋላው የኦኮች ጥፋት መንገዱ የተጠረገለት ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በማሪን ካውንቲ ኦኮች ባልታወቀ ምክንያት መሞት ጀመሩ። ከግንዱ በታችኛው ክፍል ጥቁር ቀይ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ከዚያም ለዓመታት ጤነኛ ይመስል የነበረው ዛፍ በሳምንታት ውስጥ ሙሉ ቅጠሉ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሪዞና ማቴዮ ጋርቤሎቶ ምክንያቱን ለዩ። በዓመቱ ፋይቶፍቶራ ራሞረም ተብሎ የተሰየመው ይህ ተሕዋስ ፈንገስ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድን ያስራበው የድንች በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። በአውሮፓም በሮዶደንድረን አበባ ተክሎች ላይ ቀደም ሲል ታይቶ ነበር።

አስገራሚው አካሄዱ ነው። በሎሬል ቅጠል ላይ ትንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ያሳያል፤ ዛፉን አይገድለውም። ነገር ግን ከዚያው ቅጠል ላይ በዝናብ ወራት እጅግ ብዙ ስፖር (የመራቢያ ቅንጣት) ያፈራል፤ ጠብታው እያጠበ ከሥር ወዳለው የኦክ ግንድ ያወርደዋል። በኦኩ ቅርፊት ሥር ቁስል ሆኖ ዙሪያውን ሲያዳርሰው ዛፉ ይሞታል፤ ከታመመው ኦክ ግን በሽታው ወደ ሌላ አይተላለፍም። የሚያዛምተው አይሞትም፤ የሚሞተውም አያዛምትም። ታንኦክ የተባለው የኦክ ዘመድ ብቻ ሁለቱንም ዕጣ ይሸከማል፤ በሚሊዮኖች ያለቀውም እርሱ ነው። ሸለቆና ሜዳ ላይ የሚበቅሉት ነጭ ኦክ የሚባሉት ወገኖች ግን አይያዙም።

ታዲያ ሎሬልን ሁሉ እንቁረጥ የሚሉ አሉ። ይህ ለአይጡም፣ ከፍሬው ለሚበላው ሁሉም ጉዳት ነው፤ ጉቶውም ያቆጠቁጣል። የተሻለው አሠራር ትልልቅና ውድ ኦኮችን መርጦ፣ በአጠገባቸው ያሉትን ሎሬሎች ብቻ ማንሣት ነው። ተሕዋሱ ረጅሙን በጋ በየሎሬሉ ሁሉ እኩል አያልፍም፤ እርጥበት ባላቸው ጥቂት ዛፎች ላይ ተጠልሎ ይቆይና ዝናብ ሲመለስ ከእነርሱ ይነሣል። እነዚያን ለይቶ ማወቅ ከጅምላ ቆረጣ ይልቃል።

ተሕዋሱ ወደ ካሊፎርኒያ የገባው ከችግኝ ንግድ ጋር ነው። የትውልድ ቦታው ለረጅም ጊዜ ሲፈለግ ቆይቶ በቅርብ ዓመታት በቬትናም ተራሮችና በደቡብ ምዕራብ ጃፓን ተገኘ። የተገኘባቸው ደኖችም ሎሬልና የኦክ ዘመዶች ተቀላቅለው የሚኖሩባቸው ናቸው፤ ዛፎቹ ለዘመናት አብረውት ስለኖሩ እንደ ካሊፎርኒያው ያለ እልቂት አይታይባቸውም።