ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ፦ በቤት ውስጥ ድምፅ ለመቅረጽ የሚመች ቦታ እንዴት ይመረጣል?

በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኘው ቶየን ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ሰዎች ተጎራብተው የሚኖሩባት ሠፈር ናት። በዚህች ሠፈርም ሆነ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው ሌሎች የውጭ ከተሞች፣ ለስቱዲዮ ኪራይ አቅሙ የማይፈቅድለት ድምፃዊ፣ ዘማሪ ወይም ገጣሚ ድምፁን የሚቀርጸው በገዛ ቤቱ ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያውለው ማይክሮፎን ለመግዛት ነው፤ ስለ ክፍሉ የሚያስበው የተቀረጸው ድምፅ ከጉድጓድ የወጣ መስሎ ሲሰማው ነው። ቅደም ተከተሉ ግን መገልበጥ ይኖርበታል። ጥሩ ማይክሮፎን የክፍሉን ጉድለት አይሸፍንም፤ ይልቁንም አጥርቶ ያሰማዋል።

ክፍል በቀረጻ ላይ ሁለት ዓይነት ችግር ያመጣል። አንደኛው ከውጭ የሚገባው ጫጫታ ነው። ሁለተኛው የድምፃዊው የራሱ ድምፅ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል ነጥሮ ወደ ማይክሮፎኑ መመለሱ ነው። መፍትሔያቸው ይለያያል። ጫጫታን የሚያግደው እንደ ወፍራም ግንብ ያለ ከባድና ክፍተት የሌለው ነገር ሲሆን፣ ነጥሮ የሚመለሰውን ድምፅ የሚውጠው ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ለስላሳ ነገር ነው። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል እንጂ የጎረቤትን ቴሌቪዥን ዝም አያሰኝም።

የማስተጋባትን ጠባይ በስሌት ያስቀመጡት አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ናቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይለይበት ሆኖ በማስቸገሩ መፍትሔ እንዲፈልጉ ተጠየቁ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንድ ድምፅ ፈጽሞ እስኪጠፋ 5.5 ሰከንድ ያህል ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጡ በጨመሩ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሄደ። የማስተጋባት ጊዜ በክፍሉ ስፋት ልክ እንደሚረዝም፣ ድምፅ የሚውጡ ቁሶች በበዙ መጠን ደግሞ እንደሚያጥር በዚህ መንገድ አረጋገጡ።

ለአማርኛ ጉዳዩ ከጣዕም ያለፈ ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው የአንዲት ፊደል ድምፅ ለሰከንድ ክፍልፋይ መርዘሟ ነው። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ»ም ከመፈንዳታቸው በፊት ቅጽበታዊ ዝምታ አላቸው። የሚያስተጋባ ክፍል ያን ዝምታ ከቀደመው ፊደል በተረፈ ድምፅ ይሞላዋል፤ አድማጩም ዜማውን እየሰማ ቃሉን ይስታል።

መረጣው ከጸጥታ ይጀምራል፤ ማስተጋባትን በጨርቅ መቀነስ ሲቻል፣ ጫጫታን ለማገድ ግን ተከራይ ግንብ ሊሠራ አይችልም። በቶየን ጣቢያ አምስቱም የኦስሎ የምድር ውስጥ ባቡር መስመሮች ያልፋሉ፤ በላይ ደግሞ መኪናው አለ። በሠፈሩ ያሉ የቆዩ የጡብ ሕንጻዎች ብዙዎቹ የውስጥ ግቢን ከበው የተሠሩ በመሆናቸው፣ ወደ ግቢው የሚያየው ክፍል ወደ መንገድ ከሚያየው ይልቅ ጸጥ ይላል። በቀረጻ ጊዜ የመስኮቱ አየር ማስገቢያ መዘጋት፣ ፍሪጅም ከክፍሉ መራቅ አለበት። ለቀረጻ ሌሊቱ ቢመረጥም ጎረቤት አይዘነጋም፤ በኖርዌይ የብዙ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ደንብ በኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጸጥታን ያዝዛል።

ቀጥሎ የሚታየው የክፍሉ ቅርጽ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር በሆነ ክፍል፣ 57 ኸርዝ እና እጥፉ 114 ኸርዝ አካባቢ ያሉ ድምፆች በግድግዳዎቹ መካከል እየተመላለሱ በአንዳንድ ቦታ ይጎላሉ፣ በሌላው ይጠፋሉ። 114 ኸርዝ የወንድ ድምፅ የሚያርፍበት ክልል ነው። ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ክፍል ችግሩ ይደራረባል። ስለዚህ ሰፋ ያለና ዕቃ የበዛበት ክፍል ይመረጣል፤ ድምፃዊውም ከማዕዘንና ከትክክለኛው መካከል ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ዘፋኙን ቢያስደስትም ማስተጋባቱ ከቀረጻው አይለቅም። ጠባብ ቁም ሣጥን ውስጥ መግባትም ቀጭኑን ድምፅ አፍኖ ጎርናናውን ያስቀራል። የሚሻለው የቁም ሣጥኑን በር ከፍቶ፣ ለተሰቀሉት የክረምት ካፖርቶች ጀርባን ሰጥቶ፣ ፊትን ወደ ክፍሉ ማዞር ነው።

ብዙዎች ብርድ ልብሱን የሚሰቅሉት ከማይክሮፎኑ ኋላ ነው። ለድምፃውያን የተለመደው ማይክሮፎን ግን ከፊቱ ያለውን አጉልቶ ይሰማል፣ ከኋላው ያለውን ብዙም አይሰማም። ከፊቱ ያለው ደግሞ ድምፃዊውና ከጀርባው ያለው ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መሸፈን ያለበት ይህ ግድግዳ ነው። ውፍረትም ወሳኝ ነው። የ100 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ስስ ስፖንጅ ሊውጠው አይችልም፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶንም እንዲሁ። ተደርቦ የታጠፈ ጋቢ ወይም ወፍራም የአልጋ ልብስ፣ ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲሰቀል ከተለጠፈው የተሻለ ይሠራል።

ከአፍ እስከ ማይክሮፎን ያለው ርቀት ከ40 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ቀጥተኛው ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ከዚህ እጅግ መጠጋት ጎርናናውን ያበዛል፣ የ«ፐ» እና የ«በ» ትንፋሽም ይመታል።

ቦታን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም። በየክፍሉ አንድ ጊዜ ማጨብጨብና የሚመለሰውን መስማት፣ ከዚያም በእጅ ስልክ 30 ሰከንድ ዝምታን መቅረጽ ይቻላል። በመጨረሻም «አለ» እና «ገና» ጠብቀውም ላልተውም የሚገኙበትን አንድ ዐረፍተ ነገር በሦስት ቦታ ቀርጾ በጆሮ ማዳመጫ ማነጻጸር ነው። ከሦስቱ የሚመረጠው ቃላቱ በግልጽ የሚለዩበት ነው። ድምፁ ደረቅ ቢመስልም አያሳስብም፤ ማስተጋባትን በኋላ በኮምፒውተር መጨመር ቀላል ነው፤ አብሮ የተቀረጸውን መፋቅ ግን እጅግ አዳጋች ነው።