ታምቡር አውጥቶ ዲስክ መግጠም፦ የሚባለውና እውነቱ

ከጎባ ተነስቶ በሰነቴ በኩል ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ መኪና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆይቶ፣ የሐረናን ደን ጨርሶ ዶሎ መና ሲደርስ ከ2,500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ላንድክሩዘር ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢወርደው፣ ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት 200 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። በአዶላና በዋደራ የሚመጣውም ቢሆን ከቦሬ ደጋ ጀምሮ ቁልቁለት አለበት። በዚህ አገር አሮጌ መኪና የሚነዳ ሰው ታምቡሩን በዲስክ ልቀይር ቢል አይፈረድበትም። እኔም እደግፈዋለሁ። የማልደግፈው አብሮ የሚወራውን ነው።

“ዲስክ የገባለት መኪና በግማሽ ርቀት ይቆማል” ይባላል። አይቆምም። መኪናን የሚያቆመው መጨረሻ ላይ ጎማው መሬት የሚቆነጥጥበት አቅም ነው፤ በደንብ የተስተካከለ ታምቡርም ጎማን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ልዩነቱ የሚታየው ፍሬን ደጋግሞ ሲረገጥ ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም በእያንዳንዱ ርግጫ ትንሽ ትንሽ እያለ ይወርዳል። ዲስክ ግን ሲግል የሚሰፋው ወደ ፓዱ ነው፤ ገላጣ ስለሆነም ንፋስ ያገኘዋል። ያም ሆኖ ፓድም ከልክ በላይ ከጋለ መያዙ ይቀንሳል። ዲስክ ገጥሜያለሁ ብሎ ቁልቁለትን በቀላል ማርሽ የሚወርድ ሰው ትርፉን ሁሉ ያጣል።

“ለአቧራና ለጭቃ ታምቡር ይሻላል፣ ዝግ ነው” የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ታምቡር ውሃ እንዳይገባበት አይከለክልም፤ የገባው ግን ቶሎ አይወጣም። በቦረና የዝናብ ወቅቶች፣ በጋና ወይም በሀጋያ፣ የሞላ ደረቅ ወንዝ የተሻገረ ሰው ፍሬን ሲይዝ መሪው ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ለዚህ ነው፦ አንዱ ሸራ ረጥቧል፣ ሌላው ደርቋል። ዲስክ ውሃውን በጥቂት ዙር ይረጨዋል። እውነት የሆነው ግማሽ፣ ጭቃና ጠጠር ፓድን ቶሎ መብላታቸው ነው።

ሰው የሚጎዳው ወሬ “ካሊፐሩን ማሰር ብቻ ነው” የሚለው ነው። ካሊፐር ከታምቡር ሲሊንደር የበለጠ ዘይት ይፈልጋል፤ የድሮው ማስተር ካልበቃው ፔዳሉ ወለል ይነካል። በታምቡር ማስተር ውስጥ ደግሞ ጎሚኒዎቹ አየር እንዳይስቡ በመስመሩ ላይ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖር ይችላል። ያ ቫልቭ ሳይነሳ ዲስክ ከተገጠመ ፓዱ ሳይረገጥ ይፋተጋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ልቀቁ፣ ጎማውን በእጅ አዙሩት። እንደታሰረ ከቀረ ስራው አላለቀም። ሌላም አለ። ታምቡር ውስጥ የጎማው ዙረት ራሱ ሸራውን እያጣበቀ እግርን ያግዛል፤ ዲስክ ይህ እርዳታ ስለሌለው ቡስተር የሌለው መኪና ፔዳሉ ይደድራል። ካሊፐሮቹ ግራና ቀኝ ተለዋውጠው ከታሰሩ ደግሞ የአየር ማውጫዋ ቡሎን ወደ ታች ትሆናለች፤ አየሩም ቢረገጥ ቢረገጥ አይወጣም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቸርኬውን አስገብታችሁ አዙሩ፤ ካሊፐሩን ሊነካ ይችላል።

ከሶማሌ ተራ ለብቻው የተገዛ ካሊፐርን በተበየደ ላሜራ ማንጠልጠል ለእኔ የተከለከለ ነው። ላንድሮቨር እስከ ሲሪዝ 3 ድረስ አራቱም እግር ታምቡር ነበር፤ የፊት ዲስክ የመጣው በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣው 110 ጋር ነው። ላንድክሩዘር 60 ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የፊት ዲስክ ነበረው። ፋብሪካው ራሱ ለእነዚህ የሠራው መገጣጠሚያ እያለ ብየዳ ምን ያደርጋል?

“ዘይት ዘይት ነው” ለሚሉ፦ የሞተርም የመሪም ዘይት የፍሬን ጎሚኒን ያሳብጠዋል። የፍሬን ዘይት ራሱ እርጥበት ይስባል፤ አዲስ ዶት 3 የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ውሃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ኋላውን ለመቀየር አትቸኩሉ። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ ትልቁ ትርፍ ከፊት ነው፤ የኋላው ጎማ ቀድሞ ከታሰረ መኪናው ይዞራል።

ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባዶውን መኪና ሜዳ ላይ ደጋግማችሁ በቀስታ እያቆማችሁ ፓዱን አለማምዱት። ጭነትና ሰው አሳፍራችሁ ወደ ቁልቁለት የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።