የኤሌክትሮኒክ ድምፅና የአገር ቅኝት፦ «ሸሞንሟናዬ» እንደ ማሳያ

ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን የባንዱን ዘመን አሳጠሩ፣ የቅኝቱንም ለዛ አደበዘዙ የሚለው አስተያየት በኢትዮጵያ ሙዚቀኞችም ሆነ በአድማጮች ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ አስተያየቱን የሚፈትሸው በአንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን በቀረጹት «ሸሞንሟናዬ» በተሰኘው አልበም ነው።

ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከደብረ ብርሃን ደጋ ተነሥቶ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ የይፋትን ቆላ በሸዋ ሮቢት በኩል አቋርጦ ኮምቦልቻ የሚደርሰው መንገድ ለሙዚቃ አጥኚ የተለየ ትርጉም አለው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ባቲ ይገኛል፤ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደግሞ አምባሰል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው ከሚታወቁት አራት ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸውን የሚጋሩት ከእነዚህ ስፍራዎች ጋር ነው።

ኃይሉ ኪቦርድ ይጫወቱበት የነበረው ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል የሚታወቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የመሣሪያ ሙዚቃ አልበም አሳትሟል። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን በጎበኘበት ወቅት ኃይሉና ጥቂት ባልደረቦቻቸው በዚያው ቀሩ። «ሸሞንሟናዬ» የተሠራው ከዚህ መለያየት በኋላ፣ ያለ ባንድ ነው። አንዱ ድምፅ ከተቀረጸ በኋላ ሌላው በላዩ ይደረባል፤ የከበሮ ማሽኑ ምቱን ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውና ሲንተሳይዘሩ መደቡን ይዘረጋሉ፣ ዜማውን ደግሞ በወጣትነታቸው የተማሩት አኮርዲዮን ይመራል።

በዚህ አሠራር ምን ጠፋ፣ ምንስ ተጠበቀ? ማሽኑ ምቱን ያለ ማዛነፍ ስለሚደግም፣ ከበሮ መቺው ዘፋኙን እያደመጠ የሚያፈጥንበትና የሚያዘገይበት ነጻነት ይቀራል። ኪቦርድም አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል እርምጃዎች ስለሚከፍል፣ የክራርና የማሲንቆ ተጫዋች በጆሮው የሚያስተካክላቸውን ስስ ልዩነቶች አይዝም። እነዚህ እውነተኛ ኪሳራዎች ናቸው። ሆኖም ቅኝት የድምፆች ርቀት ብቻ አይደለም፤ ድምፁ የሚጀመርበት፣ የሚዞርበትና የሚያርፍበት ሥርዓትም ነው። «አምባሰል» እና «ሽለላ» የተባሉት የአልበሙ ክፍሎች ስማቸው ራሱ እንደሚያመለክተው ከነባሩ ሀብት የተቀዱ ናቸው። አኮርዲዮኑ በወናፉ ትንፋሽ ድምፁን እያረዘመና እያስጌጠ፣ ግትሩን ምት በዜማው ያለዝበዋል። ስለዚህ መሣሪያው ቅኝቱን አልተካውም፤ ቅኝቱ መሣሪያውን ገዛው ማለት ይቻላል።

የሥራው ቀጣይ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ያገኘው በባሕር ዳር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በኩል ዳግም አሳተመው። በዋሽንግተን የአውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ያሽከረክሩ የነበሩት ኃይሉ በዚህ ምክንያት ወደ መድረክ ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘውን አዲስ አልበም አወጡ። ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ በሚል ስም የሚታወቀውን እንቅስቃሴ ያስተዋወቁት እንደ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ ያሉ ወጣቶችም የአገር ድምፅን ከኮምፒውተር ጋር ማዋሐዳቸውን ቀጥለዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» እ.ኤ.አ. በ2016 መውጣቱ ለዚህ አንድ ምስክር ነው።

እንግዲህ ይህ ሥራ ለጥናት የበቃው አንድ ካሴት ከአንድ ሱቅ በመገኘቱ ነው። የማግኔት ክር ሙቀትንና አቧራን አይችልም፤ እንደ ይፋት ባለ ቆላ ደግሞ ሁለቱም አይታጡም። በሸዋ ሮቢትና በአካባቢዋ ከተሞች በየቤቱና በየሱቁ የተቀመጡ ካሴቶች ካሉ፣ ለመቅዳትና ለመመዝገብ ያለው ጊዜ ረጅም አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ቅኝትን አጠፋ ወይስ ጠበቀ የሚለው ክርክር መልስ የሚያገኘው ማስረጃው ከክርክሩ ቀድሞ ካልጠፋ ብቻ ነው።