ቀልድ ሆኖ የመጣ ማስታወቂያ



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነጋዴ ደንበኛ ለመሳብ ብሎ በማስታወቂያ ስለሚቀልደው ቀልድ እንነጋገራለን።

ነገሩን እንድናነሳ ያደረጉን አንዲት የሀብሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ከስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አነበበላቸው። ወልዲያ ያለ አንድ ሱቅ «ለዛሬ ብቻ» የቤት ክዳን ቆርቆሮ በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ ይናገራል። እናታችን ማሽላ ሸጠው ያስቀመጡትን ብር ቋጥረው ከመርሳ በሚኒባስ ተሳፈሩ። ሱቁ ሲደርሱ ወጣቱ ባለሱቅ ሳቀና «እናቴ፣ ዛሬ እኮ ኤፕሪል ዘ ፉል ነው፤ ቀልድ ነው» አላቸው። በዙሪያው የነበሩትም ሳቁ። እሳቸው ግን የመሳፈሪያ ብራቸውንና የቀን ሥራቸውን ከስረው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ወጣቱን አግኝተን አነጋገርነው። ክፋት አልነበረበትም። «ሸኽዬ፣ ትልልቅ ኩባንያዎችም የሚያደርጉት ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ ያደርጉታል። እንግዲህ እንዴት እንደሚያደርጉት እንመልከት።

በምዕራቡ ዓለም ኤፕሪል 1፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን፣ ሰው በሰው የሚቀልድበት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በርገር ኪንግ የተባለው የአሜሪካ ምግብ ሻጭ ድርጅት በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ፣ በግራ እጃቸው ለሚበሉ ሰዎች የሚሆን አዲስ ሳንዱች መሥራቱን አስታወቀ። በውስጡ ያለው ያው የድሮው ነው፤ ልዩነቱ መዞሩ ብቻ ነው ተባለ። ብዙ ሰው አምኖ ጠየቀ። በማግሥቱ ድርጅቱ ቀልድ መሆኑን ተናገረ። የተታለለው ሰው ያው ሳንዱች በያው ዋጋ አልቀረበትም፤ ስቆ ለጎረቤቱ አወራ። የዚህ ዓይነት ማስታወቂያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ያሳቀንን ነገር ለሌላ እናወራለንና፣ የድርጅቱ ስም ያለ ክፍያ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል።

ቀልዱ የከሸፈበትም አለ። የጀርመኑ መኪና ሠሪ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2015 የናፍጣ መኪኖቹን የጭስ ምርመራ በማጭበርበር ተጋልጦ ነበር። በማርች 2021 መጨረሻ የአሜሪካ ቅርንጫፉ የኤሌክትሪክ መኪናን ለማስተዋወቅ ብሎ ስሙን «ቮልትስዋገን» ብሎ እንደቀየረ መግለጫ አወጣ። ጋዜጠኞች ቀልድ እንደሆነ ሲጠይቁ እውነት ነው ተባሉ። የአክሲዮኑ ዋጋም ጨመረ። ወዲያው ግን ቀልድ ነበር ተባለ፤ ሰውም ተቆጣ። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሲቀልድ እንኳ ማን ይስቅለታል?

ወደ አገራችን እንመለስ። በሀብሩ ገጠር መጋቢት 23 እንደማንኛውም ቀን ነው። ቀልዱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቀኑን ጥሎ ይሄዳል፤ የሚደርሰው ዋጋው ብቻ ነው። በዚያ ላይ «ዕጣ ደርሶዎታል» እየተባለ ስንቱ ገንዘቡን ተበልቷል! በእንዲህ ያለ ጊዜ የሐሰት ዋጋ ማውጣትን ከማታለል የሚለየው ምንድን ነው? በ2004 የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም ማስታወቂያ አሳሳች እንዳይሆን ደንግጓል።

ታዲያ ነጋዴ አይቀልድ ማለታችን ነው? አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ መካከል ቀልደዋል። ዛሂር የሚባል ከገጠር ዕቃ እያመጣ መዲና ላይ የሚሸጥ ሰሐባ ነበር። ከኋላው መጥተው እቅፍ አደረጉትና ይህን ባሪያ የሚገዛ ማን ነው ብለው ተጫወቱ። ዛሂርም እኔን የሚገዛ የለም፣ ዋጋዬ ርካሽ ነው አለ። እሳቸውም አላህ ዘንድ ርካሽ እንዳልሆነ ነገሩት። አስተውሉ፤ ሁላችንም የአላህ ባሪያዎች ነንና ቃሉ ውሸት አልነበረበትም። ቀልዱ ሲያበቃም የተቀለደበት ገጠሬ ከፍ ብሎ ወጣ። የኛዋ እናት ግን አንገታቸውን ደፍተው ነው የተመለሱት።

ስለዚህ የሚቀልድ ነጋዴ ሦስት ነገሮችን ያስተውል።

አንደኛ፣ ሰሚው ሁሉ ቀልድ መሆኑን ያውቃልን? የመርሳ ብርቱካን ሻጭ «ይህን የበላ ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል» ብትል የሚሳሳት የለም፤ ቀምሶ ይገዛል።

ሁለተኛ፣ በቀልዱ ምክንያት ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም ጉልበት የሚያወጣ አለን? ካለ ከፋዩ ደንበኛው ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በመጨረሻ የሚስቀው ማን ነው? የተቀለደበትም አብሮ ካልሳቀ ደንበኛ ጠፋ እንጂ አልተገኘም።

ወጣቱ ይህን ሲሰማ ዝም አለ። ከዚያም መርሳ ድረስ ወርዶ የመሳፈሪያውን ብር መለሰላቸው፣ «አውፍ በሉኝ» አላቸው። እሳቸውም መረቁት። ዛሬ በሱቁ በር ላይ እንዲህ የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፦ «ቆርቆሯችን ዝናብ እንጂ ሐሜት አይከለክልም።» የሚያልፈው ሁሉ ይስቃል፤ የሚዋሽበትም የለም።

አላህ ንግዳችንን በሐላል፣ ጨዋታችንን በእውነት ያድርግልን።